ጠንካራ ናት ያሏት ልጄ

ልጄ አስካል በክርስትናዋ ቀን ቆመች። እየቀለድኩ አይደለም። ቄሱ ከውሃው ሲያወጧት ሁለት እግሮቿ ተጣብቀው፣ የእግሮቿ ጣቶች ወደ ታች ሾለው፣ እንደ ጧፍ ቀጥ አለች። ክርስትና እናቷ ተቀብላ ጭኗ ላይ ልታስቀምጣት ብትሞክር አልታጠፍ ብላ በጣቶቿ ተገትራ ቀረች። የሰማንያ ቀን ልጅ ናት። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እየመጣ አያት። «ወይ ጥንካሬ፣ ይቺስ ወንድ ልትሆን ነበር» አሉ። አማቴ እማማ ዘነበች ዓይን እንዳይበላት ብለው በነጠላቸው ሸፈኗት። እኔም ምን ልዋሽ፣ ኮራሁ።

ይህን የምጽፈው የዚያን ዕለት ከተደነቀው ሰው መካከል «ለምን?» ያለ አንድም ስላልነበረ ነው። ዛሬም ጭን ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሕፃን ሲታይ እልል እንደሚባል አውቃለሁ። ቤታችን በመንዝ፣ ቀየት ከምትባል ትንሽ ከተማ ብዙም የማይርቅ የገጠር አጥቢያ ነው። ገብስ እናርሳለን፣ ጥቂት በጎች አሉን። ባለቤቴ ጌታነህ መሪጌታ ነው፤ በደብራችን ቅኔ ያስተምራል። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ፈሪ ነኝ። ጀግና እናት ማንበብ የፈለገ ሰው ከእኔ አያገኛትም፤ ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የፍርሃት ታሪክ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከምጤ ልጀምር። ምጤ ረጅም ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ መናገር አቅቶኝ ነበር። አስካል ስትወለድ አላለቀሰችም። አዋላጇ ጀርባዋን አሸች፣ አፏን ጠረገች፣ በጭምብል አየር ሰጠቻት። ክፍሉ ዝም አለ፤ ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ አሰማች። ተመስገን ብለን ወደ ቤታችን ሄድን፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዝምታ የጠየቀን ሰው የለም።

ክትባት ልናስከትብ ስንሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጄን ዳበስ አድርጋ «ጠንካራ ናት?» አለችኝ። «ተመስገን፣ በጣም ጠንካራ ናት» አልኳት። ፈገግ ብላ አሳለፈችን። ከስንት ጊዜ በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ የጠየቀችኝ ሰውነቷ ይደርቃል ወይ፣ ሲይዟት ትገተራለች ወይ ለማለት ነበር። እኔ የመለስኩላት ደግሞ ጤነኛ ናት፣ ብርቱ ናት ማለቴ ነበር። ሁለታችንም የተናገርነው አማርኛ ነው። በአንድ ቃል ላይ ቆመን ሳንገናኝ ተለያየን።

የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እማማ ዘነበች በእጃቸው ከፈተሉት ሱፍ የተሠራ ባና ነበራቸው፤ ጠጉሩ ወፍራም፣ ክብደቱ የበግ ያህል ነው። አስካልን በእሱ ይጠቀልሏታል፤ እግሮቿን ደግሞ ወልገድ እንዳይሉ ብለው ግጥም አድርገው በመቀነት ያስሯቸዋል። እሳቸውም በእናታቸው እጅ እንደዚያው ታስረው ነው ያደጉት። እኩዮቿ መቀመጥ ሲጀምሩ እሷ አንገቷን መሸከም አልቻለችም። እኩዮቿ ሲድሁ እሷ ጀርባዋ ላይ ተኝታ እግሮቿን እንደ መቀስ ታጠላልፋለች። ሽንት ጨርቅ ለመቀየር ጭኖቿን የሚከፍት አንድ፣ የሚያጥባት አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። «አንቺ እልኸኛ፣ አባትሽን ነው የመሰልሽው» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እልህ ሳይሆን ሕመም እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ቀስ በቀስ ፍርሃት ገባኝ። አንዱ ክሊኒክ የፀሐይ እጥረት ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። ሌላው ትዘገያለች እንጂ ትደርሳለች አለን። ወጌሻው አባባ ደምሴ ቅቤ ቀብተው አሹዋትና ቁርጭምጭሚቷን ይዘው ድንገት ሳቧት። የአስካል ጩኸት ጎረቤት ሰበሰበ፤ እግሯም ከበፊቱ ይልቅ ብረት ሆነ። አባባ ደምሴ ላባቸውን ጠርገው «ልጄ፣ አጥንቷ ደኅና ነው። ይሄ እኔ የማውቀው አይደለም፤ ከፍ ወዳለ ቦታ ውሰጃት» አሉኝ። ጠበልም ወሰድናት። ማለዳ፣ ውርጩ ሳይነሳ፣ ያ በረዶ የመሰለ ውሃ ሲወርድባት ደርቃ ትንፋሿ ተቋረጠብኝ። ነፍሷ የወጣች መስሎኝ ቄሱ እግር ሥር ወደቅሁ። ደጉ አባት «ጠበል ጭካኔ አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ ለብ አድርገሽ ቤትሽ አጠጫት፣ ቀቢያት» ብለው አሰናበቱኝ። በሽታውን ባያውቁትም ሸክሜን አቀለሉልኝ።

በመሐል ሜዳ በኩል በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄድን። የሕክምናው መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአስካልን ዓይነት ልጆች አየሁ። አንዱ አንገቱ ወደኋላ ተቀልብሷል፤ አንዷ እጇ ተጨብጦ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። ልፍራ ወይስ ልጽናና? ሁለቱንም ሆንኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ እግዚአብሔር እኔን ብቻ ለይቶ የቀጣኝ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል አለን። በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ለጋ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር ነው። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከን። ባለሙያዋ መስከረም ትባላለች፤ ወጣት ናት። እኔ «ዶክተር» ስላት እሷ «መስከረም በይኝ» ስትል ስንት ጊዜ ተከራከርን።

«እግሯን እንዴት ነው የምትዘረጉት?» አለችኝ።

«እንስባለን።»

«ስትስቡት ምን ትሆናለች?»

«ትታገላለች። እልኸኛ ናት።»

«የሚታገላችሁ ጡንቻዋ ነው እንጂ እሷ አይደለችም» አለች። «በድንገት የነኩት ጡንቻ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ይጨብጣል። አንጎሏ ልቀቅ የሚለውን መልእክት በደንብ አያደርስለትም። በችኮላ ከሳብሽው ይጠነክርብሻል። አሙቀሽ፣ በቀስታ ይዘሽ ከጠበቅሽው ይላላል።»

ጠንካራ የሚለውን ቃል በሌላ ፊቱ የሰማሁት ያኔ ነው። ጌታነህን ዞሬ ባየው ፊቱ አመድ መስሏል። በኋላ ሚኒባስ ውስጥ «ኅብር ነው» አለኝ። «አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ይናገራል። ተማሪዎቼን ኅብር ስታገኙ ዞራችሁ እዩ እላለሁ፤ እቤቴ ሲነገር ግን በአንድ ፊቱ ብቻ ሰማሁት።» 

ከክፍሉ ሳንወጣ «ትሄዳለች?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መስከረም የማጽናኛ መልስ አልሰጠችኝም። «አላውቅም» አለች። «አሁን እኔን የሚያሳስበኝ መቀመጧ ነው እንጂ መሄዷ አይደለም።» የጭን አጥንት ጫፍ ዳሌ ውስጥ የሚቀመጠው ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚቀመጠው ነው ብላ አስረዳችን። እግሮቿ እየተጠላለፉ ካደጉ ግን ዘነዘናው ቀስ እያለ ከሙቀጫው ይወጣል። ከወጣ ያማታል፣ መቀመጥ ይከለክላታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀዶ ጥገና ነው። የተጎዳው አንጎል አይመለስም፤ ዳሌዋን ግን ልናድናት እንችላለን አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የጎረቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ በሰማሁ ቁጥር ሄጄ የአስካልን ዳሌ እዳብሳለሁ።

የቤት ሥራችን ይህ ነበር፤ መቀነቱ ይቅር፣ ባናው ይጠቅለልና በጉልበቶቿ መካከል ይግባ፣ ቀንም ስትተኛም እግሮቿ ተለያይተው ይዋሉ። እዚህ ላይ ጉድ ፈላ።

«የመሪጌታ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ እግሯን በርግዳ ልትተኛ?» አሉ እማማ ዘነበች። «ከነተረቱም አተኛኘቷ ያስታውቃል ይባላል። ሰው ገብቶ ቢያይ ምን ይላል?»

«እማማ፣ ዳሌዋ ይወጣል እኮ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«የሴት ልጅ ዳሌ የሚወጣው እግሯን ስትከፍት ነው እንጂ ስትገጥም ነው? ይሄን የምትልሽ ልጅ ወልዳ ታውቃለች?»

አልወለደችም፤ መስከረም ገና አላገባችም። ይህን ባለመናገሬ ብልህ ነበርኩ። እኔ ባናውን ጠቅልዬ አስገብቼ ውሃ ልቀዳ ስወጣ እሳቸው አውጥተው ያለብሷታል። ስመለስ እግሮቿ ገጥመዋል። በክፋት አይደለም፤ የልጅ ልጃቸው ነውርና ብርድ እንዳይነካት ብለው ነው። ጌታነህ በእናቱና በእኔ መሐል ሆኖ ጥግ ጥጉን ይሄዳል። እኔ ደግሞ እኛ ስንጨቃጨቅ ዘነዘናው ይወጣል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ማፍታታቱም ቢሆን ፍርሃት ነበር። ልሰብራትስ? መስከረም በቀስታ ብላለች፤ የእኔ ቀስታ ግን ቀስታ ነው ወይ? ጌታነህ መላ መታ። «እግሯን ዘርግተሽ የምትይዢው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል ይሁን» አለ። እኔ ጸሎት ስደግም የሚያሳድደኝ ሰው ያለ ይመስላል፤ ሦስት ጊዜ ተንፍሼ ጨረስኩት። ሳቀብኝ። «እንዲህማ ከሆነ ልጅቷም እግዚአብሔርም አይሰሙሽም» ብሎ አጠገባችን ተቀመጠና በዜማ ይል ጀመር። በዜማ ሲሆን ረጅም ነው፤ ድምፁም ይጎትታል። እኔ ጉልበቷን እይዛለሁ፣ እሱ ያዜማል። አስካልም ዓይኗን አባቷ አፍ ላይ ትተክላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ተቀምጠናል። ባናውን ፀሐይ ላይ አሙቄ ጭኗ ላይ አልብሼአታለሁ። ጌታነህ ዜማውን ጨርሶ ወደ ተማሪዎቹ ሄዷል። ጉልበቷን ይዤ ስጠብቅ ድንገት ከእጄ ውስጥ የሆነ ነገር ሄደ። እግሯ ወደ ጎን ወደቀ። ክንዷ ወደቀ። አንገቷ ክንዴ ላይ ተኛ፣ መላ አካሏ ከበደኝ። ልጄ ሞተች ብዬ ጮህኩ።

እማማ ዘነበች ያሰጡትን ገብስ ትተው ሲሮጡ መጡ፤ አይተዋት ወዮ ብለው ደረታቸውን መቱ። ጌታነህ ከነመቋሚያው መጣ። ተንበርክኮ ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ። እስኪናገር ድረስ የነበረው ጊዜ ከምጤ ይልቅ ረዘመብኝ።

«ዝም በሉ፣ ትቀሰቅሷታላችሁ» አለ። «ተኝታለች።»

ያን ያህል ጊዜ እናቷ ሆኜ ልጄን ላልታ ይዣት አላውቅም ነበር። ልጅ ሲላላ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። የሌላ ሰው ልጅ በየቀኑ የሚሆነውን ሆነች፣ እኔ ግን ሞት መሰለኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማማ ዘነበች የወደቀውን እግሯን በመዳፋቸው ወደዚህም ወደዚያም በዝግታ አንቀሳቀሱት። «ለካ እንዲህ ነበር የሚሆነው» አሉ። ከዚያ ባናውን ከጭኗ ላይ አንስተው፣ ጠቅልለው፣ በጉልበቶቿ መካከል በራሳቸው እጅ አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ባናውን የሚጠቀልል ሌላ ሰው አይወዱም፤ እኔ ስጠቀልለው ላላ ብሏል እያሉ ይተቹኛል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ክረምቱ መጣ። ጉሙ ከደጃፍ አልነሳ አለ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ ቀረ። አስካል ትኩሳት ታመመች፤ ትኩሳቱ ሲለቃት ያ መገተር ተመለሰ። መስከረም በስልክ ልጅ ሲታመም፣ ሲበርደውና አጥንቱ ሲያድግ ጡንቻው ያጥራል፣ አትደንግጪ ብላ ነበር። እኔ ግን መደንገጥ ሥራዬ ነው። አንድ ጠዋት ሽንት ጨርቅ ልቀይር የግራ ጭኗን ብነካው ጮኸች። አለቃቀሷ ከወትሮው የተለየ ነበር። በማግሥቱም እንደዚያው። ግራ እግሯ ከቀኙ ያጠረ መሰለኝ። ገጥሜ ለካሁ፤ አንዴ እኩል ይሆንብኛል፣ አንዴ ያጥርብኛል። ለጌታነህ ስነግረው እሱም ለካና እንደገና ለካ። ዘነዘናው ወጥቷል ብዬ ደመደምኩ።

መንገዱ በደረቀ ቀን ወጣን። ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር ዳሌዋን በሁለት እጄ እደግፋለሁ፤ በእጄ እመልሰው ይመስል። ራጅ ክፍሉ በር ላይ ከራቤል የመጡ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከአስካል በዕድሜ ይበልጣል፤ በጀርባው ብቻ ነው የሚተኛው።

«የኔው ወጥቷል» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ቁጭ ሳደርገው ያለቅሳል። ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ አሉኝ። እግሩ ግትር ሲል እኔ እኮ ጎበዝ ነው እል ነበር።» ከአገልግላቸው ዳቦ ቆርሰው ለአስካል ሰጧት። እኔ ግን ዳቦውን እያየሁ የእሳቸው ዕጣ ወደ እኔ እየመጣ ያለ መሰለኝና ራቅ ብዬ ልቀመጥ አማረኝ። አልተነሳሁም፤ አስካል ዳቦውን እየበላች ነበር።

መስከረም የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥታ አየች። አንዴ ዝቅ አድርጋ እንደገና አነሣችው። አስካልን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት።

«በቦታው ነው?» አለ ጌታነህ።

«ጠርዙ ላይ ነው» አለች። «ትንሽ ወደ ውጭ ሄዷል፤ አልወጣም። ያማት ጡንቻው ነው። ባናውን ባታስገቡ ኖሮ ግን ዛሬ የምነግራችሁ ሌላ ነበር።»

ጠርዝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይደሰታል። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ገደል ጠርዝ ላይ የቆመ በግ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መስከረም ፊቴን አይታ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብትለኝ «የኔዋ እንቁላል ቁጭ ካለች ይበቃኛል» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጉልበቶቿ መካከል የምትገባ እንጨት ያላት ወንበር የቀየት ከተማ አናጺ ሠራልን። በየጊዜው ራጅ እንነሣለን፣ በየጊዜው ያ ፊልም ወደ መስኮት ሲነሣ አስካልን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ። እስከ አሁን ጠርዙ ላይ ይዘነዋል። አስካል አትሄድም። ትቀመጣለች፤ በእጇ ትበላለች፤ እየቆየች፣ እያማጠች፣ ቃል ታወጣለች። አባቷ ዜማውን ሲሳሳት ታርመዋለች ብሎ ይምላል፤ እኔ አላመንኩም።

በቅርቡ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለድኩ። ወዲያው አለቀሰች። እኔ ግን በየቀኑ እግሮቿን አጥፌ እዘረጋለሁ፤ ስትላላም እፈራለሁ፣ ስትገተርም እፈራለሁ። ለክትባት ቀየት ስንወስዳት አስካልን ከነወንበሯ ይዘናት ሄድን። አንዲት ልጅ እግር እናት ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ልጇን ጭኗ ላይ አቁማ ታጫውተዋለች። ሕፃኑ በጣቶቹ ተገትሯል፣ እግሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣምረዋል። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች «ወይ ጥንካሬ» ይላሉ። እናቲቱ ደስ ብሏት ትስቃለች።

ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ጭን ላይ የሚቆም ሕፃን ሁሉ ታማሚ አይደለም። ባልሳሳትስ፣ ያንን ሳቅ ከፊቷ ላይ የማነሣው እኔ ነኝ? ፈራሁ። ታናሽ ልጄን አቅፌ ወደ መሬት አየሁ።

አስካል ከወንበሯ ሆና ሕፃኑን ብዙ ቆይታ አየችው። ከንፈሯ ሲታገል አየሁና ጠበቅኋት።

«እማ» አለች። «ባና ስጪው።»

እናቲቱ ሰማቻት። «የኔ ቆንጆ፣ በረደው ብላ አዝናለት ነው?» ብላ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«አይ እህቴ፣ በርዶት አይደለም» አልኳትና ተነሥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።